«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እና ሌሎች የታማሚ ስህተቶች

ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያዎችን የሚያጠቃበት ሕመም) ከያዘኝ 14 ዓመት ሆነኝ። ያለፉትን ስድስት ዓመታት አዲስ ታማሚዎች በሚመጡበት የሕሙማን ስብስብ ውስጥ አገለግላለሁ። ብዙዎቹ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እንዲጽፉ የመከራቸው ሰው አለ። ምክሩ ደግ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ሁሉም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ማየት ሰለቸኝ።

ለሐኪም «ተመስገን» ማለት

«እንዴት ነሽ?» ለሚል ጎረቤት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ያምራል። ሐኪም ፊት ግን ሐሰተኛ ምስክርነት ነው! በዚህ ነገር የምቆጣው ራሴ ስላደረግኩት ነው። ምስጋና መለማመድ በጀመርኩበት ዓመት ሕመሜን መናገር እንደ ኃጢአት ይታየኝ ነበር። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳን የምከፍተው በጥርሴ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ግን ፈገግ ብዬ «ተመስገን፣ ካለፈው ይሻላል» እላለሁ። እሱም የነገርኩትን ይጽፋል፤ መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥላል። እንዲህ ስምንት ወር አለፈ። በኋላ ራጅ ስነሣ የቀኝ እጄ ሁለት አንጓዎች ላይ አጥንቱ ተበልቶ ተገኘ። መድኃኒት በሽታውን ሊያረጋጋው ይችላል፤ የተበላው አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ አይመለስም።

አሁን ቀጠሮ ሲደርስ በቁራጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ ጠዋት ስንት ደቂቃ እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃሁ፣ ምን ማንሣት አቃተኝ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። ከዚያ ስለ ትዕግሥቱ አመሰግነዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

«ከእኔ የባሰ አለ»

ይህንን ሁላችንም እንላለን፣ ለጊዜውም ያጽናናል። አንድ ቀን በስብስባችን አንድ ወጣት ይህንኑ ሲናገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ሴት ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ዝም ብላ ሰማችውና «ልጄ፣ ያ የባሰው እኮ እኔ ነኝ» አለችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በሰው መከራ ላይ የቆመ ምስጋና ሌላም ችግር አለው፤ ሕመሙ የጸና ቀን ወደ ታች የሚያዩት ሰው ይጠፋል።

ጅምላ ምስጋና

«ቤተሰቤ፣ ሕይወቴ፣ አዲሱ ቀን።» አንድ አባት ሦስት ሳምንት ሙሉ እነዚህኑ ሦስት ቃላት ጽፈው መጡ፤ ምንም እንዳልተሰማቸውም ነገሩን። «ዛሬ ከቤት ሲወጡስ ምን ሆነ?» አልኳቸው። ብዙ አሰቡና «ቁልፉ በአንድ ጊዜ ዞረልኝ» አሉ፤ ራሳቸውም ሳቁ። እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ይጻፍ።

ምስጋናን የማታ ዕዳ ማድረግ

እንቅልፍ እየጣላችሁ፣ በአበጠ እጅ፣ አምስት ነገር ካልጻፍኩ ማለት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማካሎ ባሳተሙት ጥናት የነርቭና የጡንቻ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለ21 ቀናት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች በየዕለቱ ጽፈው ነበር፤ ስሜታቸውና እንቅልፋቸው ተሻሽሏል። በሽታው ለቀቃቸው ግን አልተባለም። በሌላ በኩል የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ከተማሪዎች መካከል ደስታቸው የጨመረው በሳምንት አንድ ቀን የጻፉት ነበሩ፤ ሦስት ቀን የጻፉት ለውጥ አላሳዩም። እኔ እሑድ እሑድ ብቻ እጽፋለሁ። እጄ ካበጠ ደግሞ ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳለሁ።

ምስጋናን በይቅርታ መለወጥ

እህቴ ጫማዬን ስታስርልኝ ለዓመታት «ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» ስላት ኖርኩ። አንድ ጠዋት የጫማዬን ማሰሪያ እንደያዘች ቀና ብላ «ማሰሩ አይከብደኝም፤ የሚያደክመኝ ይቅርታሽ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ይቅርታ በጠየቅኳት ቁጥር እኔን ማባበል ሌላ ሥራ ይሆንባት ነበር። አሁን «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ እሷም «አሜን» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

በአጭሩ የማልፋቸውም አሉ። በሽታውን ራሱን ማመስገን ግዴታ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ አመስግኜው አላውቅም። ደስ ደስ አለኝ ብሎ መድኃኒት መቀነስ ደግሞ ከሐኪም ጋር እንጂ ከደብተር ጋር የሚወሰን አይደለም። ትናንት ውጤቱን ለሰማ ሰው ስለ ምስጋና መስበክም ነውር ነው፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ይበቃዋል።

የመጨረሻው ስህተት ባዶ ገጽ መቅደድ ነው። ሕመሙ ያገረሸ ሳምንት የሚያመሰግኑበት ነገር ሊጠፋ ይችላል። ጀማሪዎች ያፍሩና ገጹን ያወጡታል፤ ወይም ያልተሰማቸውን ይሞሉበታል። የእኔ ደብተር «ዛሬ የለም» የሚሉ 11 ገጾች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ላይ ብዕሩ ከእጄ አምልጦ የሠራው ረጅም መስመር አለ፤ ከሥሩ ቀኑን ብቻ ጽፌ ዘግቼዋለሁ።