ከፊት ዕቅድ፣ ከኋላ ሐሳብ፦ በአንድ ደብተር የዕለት ማስታወሻ አያያዝ

የታተመ አጀንዳ አትግዙ። አብዛኛው በፈረንጅ ቀን የተሰመረ ስለሆነ ጳጉሜን የለውም፤ በየገጹ ቀን እየሰረዙ መጻፍ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያሰለቻል። ባዶ ደብተር ይሻላል።

ደረቅ ሽፋን ያለው ባለ 100 ሉክ ደብተር 200 ገጽ አለው። ለአንድ ቀን ግማሽ ገጽ ብትመድቡ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው 180 ቀን 90 ገጽ ይወስዳል፤ 110 ገጽ ለሐሳብ ይተርፋል። ዕቅዱን ከፊት ጀምሩ፣ ሐሳቡን ደብተሩን ገልብጣችሁ ከኋላ። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው የሲሚንቶ ሒሳብ ሲፈልግ የሐዘኑን ገጽ ያገላብጣል፤ ሒሳቡንም ለሰው ማሳየት ያፍራል።

ከሁሉ በፊት ቀኖቹን ጻፉና የማይነቃነቁትን ሙሉ፦ በዓል፣ ገበያ፣ እቁብ፣ እድር፣ ማኅበር። በጎጃም ገጠር ኅዳር 12 ላይ «ወንፈል» ብሎ መጻፍ ከንቱ ነው፤ ሚካኤል ነውና በሬ የሚጠምድም፣ ማጭድ የሚያነሳም አይገኝም። 21ን ለማርያም፣ 29ን ለበዓለ እግዚአብሔር በየወሩ ምልክት አድርጉ። ከተማ የምትኖሩም ብትሆኑ በገበያ ቀን ዘመድ ከገጠር ይመጣል፣ ቡናም ይፈላል፤ ስለዚህ ግማሹን ቀን ባዶ ተዉት።

በሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «8 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ ከሰዓት ይሁን ሌሊት ጻፉ። ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፦ 14፡00 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከደብረ ማርቆስ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ ካለባችሁ ደግሞ በሰኞው ገጽ ግርጌ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 11» ብላችሁ አስፍሩ። ማክሰኞ ገጽ ላይ ብቻ ከጻፋችሁት፣ ገጹን ስትገልጡ አውቶቡሱ ደጀን ደርሷል።

ለቀኑ ከሦስት ሥራ በላይ አትጻፉ፤ እንግዳና ለቅሶ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ሥራው እጅና እግር ይኑረው። «የግብር ጉዳይ» ሥራ አይደለም፤ «ጠዋት 3 ሰዓት ቀበሌ፣ ያምናውን ደረሰኝ ይዞ» ሥራ ነው። ያላለቀውን ወደ ነገ አሻግሩ። ሦስት ጊዜ የተሻገረ ግን ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይ አትፈልጉትም፤ ከፋፍሉት ወይም ሰርዙት።

የሐሳቡ በኩል ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። «ዛሬ ከፍቶኛል» ብሎ መጀመር ወዲያው ያደርቃል፤ በዓመቱ ስታነቡትም ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ማን ምን እንዳለ፣ የት እንደቆማችሁ፣ እጃችሁ ምን ይዞ እንደነበር ጻፉ፤ ስሜቱ ራሱ ይከተላል። ቀን ቢዘልላችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሙሉ። ደብተር የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕዳ ነው።

ክረምት ላይ ጄል እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፤ በቢክ ጻፉ፣ ደብተሩንም በፌስታል ጠቅልሉ። ቤተሰብ እንዳያነበው ከሰጋችሁ የሰዎቹን ስም ትታችሁ በቅጽል ስም ጥሯቸው። የቅኔ አገር ሰው ሰምና ወርቅ አይቸግረው ይሆናል፤ ግን ከዓመት በኋላ ወርቁ ለራሳችሁም ይጠፋልና የሚያስታውሳችሁን አንድ ቃል ኅዳጉ ላይ አኑሩ።