የድሮ መኪና የውጭ ሙቀት ማሳያ ሲሳሳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዳሽቦርዱ ግን -40 ይላል። ይህን ያየ ባለመኪና ብዙ ጊዜ ወይ ስቆ ይተወዋል፣ ወይ አዲስ ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። ሁለቱም አያዋጡም። የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ብልሽቱ የት እንዳለ ይናገራል።

ቁጥሩን ሳያነቡ ሴንሰር መግዛት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ሴንሰሩ ሁለት ሽቦ ያለው ቀላል ዕቃ ነው። ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም አቅሙ) ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። የመኪናው ኮምፒውተርም የሚያየው ይህንኑ ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ከተነቀለ፣ ሬዚስታንሱ ጣሪያ የነካ ይመስለዋል። ስለዚህ ውጭው በረዶ ነው ብሎ ይደመድማል። -40 ወይም ባዶ ሰረዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሽቦዎቹ ተልጠው እርስ በርስ ከተነካኩ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ላይ ይሰቀላል። በሁለቱም ጊዜ ሴንሰሩ ደህና ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከአየሩ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ ሁልጊዜ ጥቂት ዲግሪ ወደ ቅዝቃዜ የሚያጋድል ከሆነ ሶኬቱን ይጠርጥሩ። እርጥበት የገባበትና የዛገ ሶኬት ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይፈጥራል። ጠርጎ መልሶ መሰካት ብቻውን የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ሞቆ የቆመ መኪና ላይ መፍረድ

ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ባምፐር ጀርባ፣ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል። መኪናው ሲቆም የሞተሩ ሙቀት ይደርስበታል። መሐንዲሶቹም ይህን ስለሚያውቁ ብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩ ቶሎ እንዲወርድ፣ ሲወጣ ግን እንዲንቀረፈፍ አድርገዋል። አንዳንዱ ጭራሽ መኪናው ፈጠን ብሎ ካልተነዳ አይጨምርም።

አዲስ ሴንሰር አስገብተው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ማሳያውን የሚያፈጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ቁጥር አልነቃነቅ ሲል አዲሱን ዕቃ ‹‹ፎርጂድ ነው›› ብለው ይመልሱታል። ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ይንዱት። እውነተኛ ማነጻጸሪያ ከፈለጉ ሌሊቱን ጥላ ውስጥ ያደረ መኪና ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ይዩት። ኮምፒውተሩ አሮጌውን ቁጥር እንዲረሳ ብለው ባትሪ የሚነቅሉ ከሆነ፣ ሬዲዮው ሊቆለፍ ስለሚችል መጀመሪያ የሬዲዮው ኮድ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ።

ሴንሰሩ በቦታው መኖሩን አለማየት

ባምፐሩ ተገጭቶ ተጠግኖ ያውቃል? እንግዲያው ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ከመያዣው ወጥቶ የተንጠለጠለ ወይም ራዲያተሩ ላይ የተደገፈ ሴንሰር የሚለካው የውጩን አየር ሳይሆን ሞተሩን ነው። አንዳንድ የፎርድና የቮልቮ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሴንሰሩ ያለው ስፖኪዮ ውስጥ ነው። ስፖኪዮ ሲቀየር ሶኬቱ ሳይሰካ ይቀራል፣ ወይም አዲሱ ስፖኪዮ ሴንሰር የሌለው ዓይነት ይሆናል።

በግምት መሥራት

መልቲሜትር (ቮልትና ሬዚስታንስ መለኪያ) ካለ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ሴንሰሩን ከሶኬቱ ነቅለው ሬዚስታንሱን በኦም ይለኩ። ከዚያ በመዳፍዎ ጨብጠው ያሙቁት። ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ ከወረደ ሴንሰሩ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። የሌላ መኪና ቁጥር ግን አይዋሱ። አንዱ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ኪሎ ኦም ሲያሳይ ሌላው ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቁልፉን ከፍተው በመኪናው በኩል ያለውን ሶኬት ቮልት ይለኩ። ብዙ መኪኖች ላይ 5 ቮልት አካባቢ ያገኛሉ። ምንም ከሌለ ሽቦውን ይከተሉ። 12 ቮልት ካገኙ የያዙት ምናልባት የጡሩምባ ወይም የጉም መብራት ሶኬት ነውና ይልቀቁት።

ማሳያውን መርሳት

ቁጥሩ ግማሹ ከጠፋ፣ ወይም ዳሽቦርዱን መታ ሲያደርጉት ብልጭ ካለ፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም። ከማሳያው ጀርባ ያለ ብየዳ ተሰንጥቆ ይሆናል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የዶጅና የጂፕ መኪኖች ጣሪያ ላይ ያለው ማሳያ በዚህ ይታወቃል፤ ደህና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ እንደገና ሲበይደው ይድናል። በተረፈ 77 የሚል ቁጥር አይተው ከደነገጡ ፋራናይት ላይ ተቀይሮ እንደሆነ ይዩ። 25 ሴልሺየስ ማለት ነው።

‹‹ለጌጥ ነው›› ብሎ መተው

ብዙ መኪኖች ላይ ኤሲው የሚሠራው ይህንኑ ሴንሰር እያየ ነው። ውጭው በጣም ቀዝቅዟል ብሎ ካሰበ ኮምፕሬሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ፓምፕ) አያስነሳም። ባለቤቱ ግን ጋዝ አለቀ ብሎ ያስሞላል፣ አሁንም አይቀዘቅዝም፣ ቀጥሎ ኮምፕሬሰር ይባላል። ኤሲው ከማሳያው ጋር አብሮ ከተበላሸ ጋዙን ከመንካትዎ በፊት ከዚያች ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር ይጀምሩ።