ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተው አይደሩ

ዕድሜያቸው ገፍቶ ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ትርፍ ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣሉ። ደግ አደረጉ። ማታ ግን የራሳቸውን ቁልፍ ከውስጥ ሰክተው ይተኛሉ። በብዙ የቤት በሮች ላይ ከውስጥ ቁልፍ ከተሰካ የውጪው እስከ መጨረሻው አይገባም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ቢጣሩ፣ ጎረቤት ቁልፍ በእጁ ይዞ በር ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ቆልፈው ይንቀሉት፤ ክር አስረው ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይስቀሉት። መብራት ቢጠፋም በዳበሳ ይገኛል። መቀርቀሪያውንም ይተዉት፤ እሱን የትኛውም ቁልፍ አይከፍተውም። የጎረቤት ቁልፍ መሥራቱን ዛሬውኑ ይሞክሩት።

ከጎረቤትዎ ጋር ምልክትም ይኑርዎ፦ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት መጋረጃው ካልተገለጠ ያንኳኳ፣ መልስ ካጣ ይክፈት። በየዕለቱ ከመደወል ይህ ይሻላል፤ ጎረቤትም አይሰለችም፣ እርስዎም እንደ ሕፃን የሚጠበቁ አይመስልዎትም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም ይንገሩት።

ምስማሩ በመስኮት እጅ የሚደርስበት ቦታ አይሁን። ሌባ በበዛበት ሰፈር፣ በተለይ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ የሚወጣ ከሆነ፣ መቀርቀሪያውን መተው አልመክርም።