የጋሻ አርማ ስትስሉ ቀለም ላይ እንዳትሳሳቱ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ቁር ሲሸፍን ማንነቱን የሚናገርለት ጋሻው ነበር። የአርማ ቀለም ሕግም ለሩቅ ዓይን የወጣ ነው። ይህን ስንረሳ ነው የምንሳሳተው።

ትልቁ ስህተት ጠቆር ያለን ቀለም ጠቆር ባለ ላይ መደረብ ነው። ወርቅ (ቢጫ) እና ብር (ነጭ) አንድ ወገን ናቸው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ሐምራዊ ደግሞ ሌላ ወገን። ከአንድ ወገን የሆኑ ሁለት ቀለሞች አይደራረቡም። የእንግሊዝ ሦስት አንበሶች ወርቃማ ናቸው፤ መደባቸው ቀይ። የስኮትላንዱ አንበሳ ቀይ ነው፤ መደቡ ወርቅ። ሁለቱም ከሩቅ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሰማያዊ ላይ ቀይ አንበሳ ሳሉና አሥር እርምጃ ራቁ፤ አንበሳው የለም!

ብዙ ሰው ይህን ይዞ ወርቅን ነጭ ላይ ማድረግም ያው ጥፋት መሆኑን ይዘነጋል። ሕጉን የጣሱ ታዋቂ አርማዎችም አሉ። የመስቀል ጦረኞች ያቋቋሙት የኢየሩሳሌም መንግሥት አርማ ነጭ ላይ የወርቅ መስቀሎች ነበሩት። የቅድስቲቱን ከተማ ክብር ለማሳየት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይባላል። የአልባኒያ ጥቁር ንስርም ቀይ ላይ ነው ያለው። ግን እነዚህን አይቶ «እኔም ልጣስ» ማለት አያዋጣም።

ሕጉን ከልክ በላይ መለጠጥም አለ። የሚከለከለው መደራረብ እንጂ ጎን ለጎን መሆን አይደለም። የቫቲካን ሰንደቅ ቢጫና ነጭ ጎን ለጎን ነው፤ ችግር የለውም። የእኛም ሰንደቅ ላይ ሰማያዊው ክብ ውስጥ ያለው ቢጫ ኮከብ ሕጉን ልክ ይዟል። ደስ ይለኛል ባየሁት ቁጥር።

«ቀይ ማለት ጀግንነት ነው» ብላችሁም አትምረጡ። ለየቀለሙ ቋሚ ትርጉም የሰጡት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። የኮምፒውተር የቀለም ቁጥር ፍለጋም አትድከሙ። የአርማው የጽሑፍ መግለጫ «ሰማያዊ» ብቻ ነው የሚለው፤ የቱ ሰማያዊ እንደሆነ የሚወስነው ሠዓሊው ነው።

በጥቁር ቀለም ብቻ ለሚታተም ማኅተም ደግሞ አርማውን ግራጫ አታድርጉት፤ ቀይና ሰማያዊው ይምታታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ዘዴ አለ። ወርቅ በነጠብጣብ፣ ቀይ ከላይ ወደ ታች በወረዱ መስመሮች፣ ሰማያዊ በአግድም መስመሮች ይሞላል። ብር ባዶውን ይተዋል።