የአዋሽን ቁልቁለት ከግንጪ እስከ አቤ ሐይቅ እንዴት መሣል ይቻላል?

አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀርበት ምክንያት ካርታ ላይ ብዙም አይታይም። ቁልቁለቱን ከጎን ስትሥሉት ግን ፍንትው ይላል።

1፡1,000,000 ስኬል ያለው ካርታ፣ የጥጥ ክርና ባለ ሚሊ ሜትር ወረቀት ያዙ። ክሩን ከግንጪ ደጋ ጀምራችሁ በበቾ ሜዳ፣ በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በገዋኔና በአሳይታ በኩል ወንዙ በታጠፈበት ሁሉ አስተኙት። ናይለን አይሁን፤ መታጠፊያ ላይ ተፈናጥሮ ይነሣል። 1 ሚሊ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ወንዙ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ክሩ 1.2 ሜትር ሊሆን ይገባው ነበር፤ ግን ያጥራል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ በዚህ ስኬል ትንንሾቹ ጠመዝማዛዎች አይሣሉም። ጉድለቱን በእኩል አታካፍሉ፤ ወንዙ በብዛት የሚጠማዘዘው ሜዳ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ለአሚባራና ለአሳይታ ሜዳዎች ስጡ።

ወረቀቱ ላይ አግድም 1 ሴንቲ ሜትር 50 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ 1 ሴንቲ ሜትር 200 ሜትር ይሁን። ቁልቁለቱ 250 ጊዜ ተጋኖ ስለሚታይ ይህንኑ ከግርጌው ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታ ላይ ነው፤ የከተማውን ከፍታ ወስዶ የወንዙ ያደርገዋል። አዋሽ ሰባት ከተማ ያለችው ገደል አፋፍ ላይ ሲሆን ወንዙ የሚሄደው ከታች በገደሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ የከፍታ መስመር (ካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው) ወንዙን የሚያቋርጥበትን ነጥብ ብቻ አንብቡ። እዚያ ላይ መስመሩ እንደ ቀስት ይሾላል፤ ጫፉም ወደ ወንዙ ምንጭ ያመለክታል።

መነሻው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ግድብ የተሠራበት ቆቃ 1,590 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሐይቁን ጠፍጣፋ መስመር አድርጉት፣ ከግድቡ ሥር ትንሽ ደረጃ ይኑር። በሰቃ ሐይቅን እዚህ መስመር ላይ አትጨምሩት፤ ከወንዙ ጎን ያለ ሐይቅ ነው። ከተንዳሆ በኋላ መስመሩ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ውሃው እዚህ ሲደርስ ይንቀራፈፋል፣ ይዘረጋል፣ በአፋር ፀሐይም ይተናል።

ገማሪና አፋምቦ ሐይቆች ላይ የመውጫ ቀስት አድርጉ፤ ውሃ ገብቶ ስለሚወጣ ጨው አይከማችባቸውም። ወደ 240 ሜትር ላይ ያለው አቤ ግን መውጫ የለውም፤ ውሃው ተንኖ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ጅቡቲ ያለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም መሐሉ ከፍ ያለ መሬት ስለሆነ መስመሩን ወደዚያ አትሳቡት። የአቤን ዳርቻ በነጠብጣብ ሣሉ፤ አዋሽ ባመጣለት ልክ ይሰፋል፣ ይጠባል።