ጠመንጃ ላይ ስም ማስቀረጽ፦ በመጨረሻ የሠራልኝ መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በፎርም 1 (ለፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ለATF፣ በሚገባው የፈቃድ ማመልከቻ) አስፈቅዶ የጠመንጃውን አፈሙዝ የሚያሳጥር ሰው ስሙን፣ ከተማውንና ስቴቱን ጠመንጃው ላይ ማስቀረጽ አለበት። ብዙው ሰው ሪሲቨሩ (የጠመንጃው ዋና አካል) ላይ ያደርገዋል። ጥልቀቱ ቢያንስ 0.003 ኢንች ነው፤ ቢያንስ 1/16 ኢንች ቁመት የሚጠየቀው ደግሞ ለመለያ ቁጥሩ ነው። እኔን ያንከራተተኝ ጥልቀቱ ነው።

መጀመሪያ ዋንጫና ሜዳሊያ ላይ የሚጽፍ ሱቅ ሄድኩ። ርካሽ ነበር። የሙከራ ቁራጭ ላይ የጻፉት ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ግን ምንም አይይዝም። ለካ ማሽኑ የሲኦቱ ሌዘር ነው፤ የአሉሚኒየሙን ጥቁር ሽፋን ያነጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይቆፍርም። ወርቅ ቤት ጠየቅኩ፤ የጦር መሣሪያ አንነካም አሉኝ። በፖስታ የሚቀበሉት ደግሞ መላኪያው ሲደመር ዋጋቸው የሚቀመስ አልሆነም።

የሠራው ጥያቄውን መቀየር ነው። ፈቃድ ላላቸው ጠመንጃ ጠጋኞች እየደወልኩ "ፋይበር ሌዘር አላችሁ? ጥልቀቱንስ ለክታችሁ ታሳያላችሁ?" አልኩ። ፋይበር ሌዘር ብረቱን ራሱን መቆፈር የሚችል ነው። አንዱ "ና፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ" አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው፤ በዚያው ቀን ከመለሱላችሁ መዝገባቸው ላይ ማስፈር አይጠበቅባቸውም። ፊደሉን ለጥንቃቄ 2 ሚሊ ሜትር አደረግነው። ሌዘሩ እየተመላለሰ ቆፈረ፤ መለኪያው 0.004 ኢንች አነበበ። የሚለካው ከጠፍጣፋው ገጽ ነው እንጂ ፊደሉ ዳር ካበጠው አይደለም። 50 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ስትሄዱ ሪሲቨሩን ፈታታችሁ ባዶውን ውሰዱ። የጸደቀውን ፎርም ኮፒም ያዙ፤ ስሙን ከሱ ላይ ይገልብጡት።