ቤትን ወደ ወገብ ከፍ ማድረግ፦ ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ እንዴት ማገገም ይቻላል?

ቤታችን ዝቅ ብሎ ይኖራል። ቡና በርጩማ ላይ ተቀምጠን እናፈላለን፣ ልብስ ሳፋ ላይ ተጎንብሰን እናጥባለን፣ ሽንኩርት ጉልበታችን ሥር አስቀምጠን እንከትፋለን። ጤነኛ ሰው ይህን አያስተውለውም። እኔ ያስተዋልኩት የወገብ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ) ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ወደ ቤት የገባሁ ቀን ነው። ሐኪሙ «እንዳይጎነበሱ» ብሎ ሸኝቶኛል፤ ቤቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ «ጎንበስ በል» ይለኛል። በአራተኛው ቀን የወደቀ የስልክ ቻርጀር ላነሣ ብዬ አጎነበስኩና ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ።

የምጽፈው የታችኛው ጀርባ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው ነው። ዓይነቱ ግን ይለያያል። ነርቭ የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ ብቻ ያስወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀላል ሥራ ይመለሳል። አከርካሪው በብሎንና በዘንግ የተያያዘለት ሰው ደግሞ አጥንቱ እስኪጋጠም ወራት ይጠብቃል። የእርስዎ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘ የሐኪሙን ይያዙ።

1. ሆስፒታል ከመግባትዎ በፊት ቤቱን ያንሡት

በየቀኑ እጅዎ የሚነካውን ሁሉ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ላይ ያስቀምጡ፦ መድኃኒት፣ ውሃ፣ ብርጭቆ፣ የውስጥ ልብስ፣ የስልክ ገመድ። በርጩማና ሲቀመጡበት የሚውጥ ሶፋ ለጊዜው የሌሎች ይሁኑ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ነው፤ ሲቀመጡበት ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ማለት የለበትም። ፍራሽዎ መሬት ላይ ከሆነ አልጋ ይዋሱ። መሐሉ የሰረጎደ ፍራሽም ሥሩ ጣውላ ቢነጠፍለት ይሻላል።

መጸዳጃ ቤቱን ብዙ ሰው የሚያስበው ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል። ቁጢጥ ማለት ወገብን እስከ መጨረሻው ያጥፋል፣ ሲነሡም ያታግላል። መላው ቀላል ነው። መቀመጫው መሐሉ ላይ ቀዳዳ የተቆረጠለት ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቆማል፤ የሰፈር አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል። እግሮቹ እንዳያዳልጡ ጎማ ይመታባቸው፣ ግድግዳው ላይም የሚያዝ ነገር ይተከል። ውሃውና ሶፍቱ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይሁኑ፤ ዞሮ ለማንሣት መጠማዘዝ ከመጎንበስ አይተናነስም።

ወለሉንም አይርሱ። የተጣጠፈ የምንጣፍ ጠርዝ፣ የተዘረጋ ገመድ፣ እርጥብ ሴራሚክ ሁሉም ይጥላሉ። ነጠላ ጫማን ትተው ተረከዝ የሚይዝና ሳይጎነበሱ የሚገባ ጫማ ይፈልጉ።

2. ከሆስፒታል እስከ ቤት

የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ታካሚ ብዙ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው በማግስቱ አውቶቡስ ከሚሳፈር ጥቂት ቀን ዘመድ ቤት ቢያርፍ እመርጣለሁ። መኪና ውስጥ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ትንሽ ያዘንብሉት። ሲገቡ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያስገቡ። ቢያንስ በየሰዓቱ ያስቁሙና ጥቂት ይራመዱ፤ ይህ ለወገብ ብቻ ሳይሆን በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ነው። ኮረኮንች ላይ በባጃጅ መሄድን ግን አይሞክሩት።

3. ከአልጋ መነሣትን ይማሩ

ይህን ሆስፒታል ውስጥ ያሳዩዎታል፤ ካላሳዩዎት ሳይጠይቁ አይውጡ። ሐሳቡ ትከሻና ዳሌ እንደ ግንድ በአንድ ጊዜ እንዲንከባለሉ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱንም ጉልበት ያጥፉ። ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት ሳይቀዳደሙ ወደ አልጋው ጠርዝ በጎን ይዙሩ። አሁን እግሮችዎን ከአልጋው ሲያወርዱ በዚያው ቅጽበት ከሥር ባለው ክርንና በሌላኛው እጅ ፍራሹን ይግፉ፤ የእግሩ ክብደት ደረቱን ያነሣዋል። ተቀምጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፣ ማዞር እንዳለ ይዩ። ከዚያ በጭንዎ ጉልበት፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ ይቁሙ። ሲተኙ ሂደቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይገልብጡት።

የሰው እጅ ይዞ መጎተትን ይከልክሉ። አስታማሚ በፍቅር «ና ላንሣህ» ብሎ ክንድ ሲስብ ወገብ ይጠማዘዛል። ሲተኙ በጀርባ ከሆነ ከጉልበትዎ ሥር፣ በጎን ከሆነ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ ያድርጉ። በሆድ መተኛት ይቅር። ማስነጠስ ሲመጣም ቀጥ ብለው ግድግዳ ይደገፉ።

4. ይራመዱ እንጂ አይቀመጡ

የእኛ ሰው ለታመመ የሚያዝዘው መተኛት ነው። እዚህ ላይ ግን መራመድ ራሱ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳማ መንገድ ላይ ይበቃል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። ማታ የእግር ሕመሙ ከባሰ በማግስቱ ይቀንሱ።

ወገብን ከመራመድ ይልቅ የሚያደክመው መቀመጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። እኔ የቡናውን ሥርዓት ላለማፍረስ አቦልን ተቀምጬ፣ ቶናን ቆሜ፣ በረካን ተጋድሜ ነበር የምጠጣው።

ዕቃ ማንሣትን በተመለከተ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ያህል ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ማለፍ አይገባም። ሙሉ የውሃ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃንም 9 ወይም 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ማዘሉ ይቅርና ከመሬት ማንሣቱ ብቻ ወገብን ለመጉዳት ይበቃል። ልጁን ሰው አንሥቶ አጠገብዎ ያስቀምጥልዎ።

5. መድኃኒትና ምግብ

የሕመም ማስታገሻን ሕመሙ እስኪያስጮህ አይጠብቁ፤ በታዘዘው ሰዓት ይውሰዱ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥም ስለሚገኝ ሳያውቁ እንዳይደራረብ። አከርካሪዎ በብሎን ከተያያዘ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ፤ የአጥንቱን መጋጠም ሊያዘገዩ ስለሚችሉ ሐኪም ይፍቀድ። ሲጋራም እንዲሁ አጥንቱን ያዘገያል። ትራማዶል የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ጠላም አረቄም አይቅመስ፣ መኪናም አይንዳ።

ትራማዶል ሆድ ያደርቃል። ሲያምጡ ወገብ እንዴት እንደሚጮህ ያየ ያውቀዋል። ውሃ በብዛት፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ፓፓያ ይርዱዎት፤ ሰገራ ሳይወጣ ሦስት ቀን ካለፈ ሐኪም የሚያለሰልስ መድኃኒት ይዘዝልዎ። ቁስል እንዲሽር እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ በጾም ደግሞ ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ያስፈልጋሉ። የሚጾም ሰው የንስሐ አባቱን ቢያማክር ለታመመ ፈቃድ አለ፤ በረመዳንም በሽተኛ ሲድን ይከፍላል።

6. ቁስሉ

ደረቅ ይሁን። ገላ መታጠብ ሐኪሙ በፈቀደበት ቀን ይጀመራል፤ ቁስሉ እስኪዘጋ ገንዳ ውስጥ መግባት የለም፣ ጠበል ለመጠመቅም ሐኪምዎ ይጠየቅ። መጠጣቱን ማንም አይከለክልዎ። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ማር አይቀቡ። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ጀርባዎን ራስዎ ማየት ስለማይችሉ በየቀኑ አንድ ሰው በስልክ ፎቶ ያንሣልዎ፤ የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደር ከግምት ይሻላል።

7. ጠያቂና መካሪ

በሥርዓት ካልተያዘ ጠያቂ ከሕመሙ ይልቅ ያደክማል። ሰው ሲገባ ተጎንብሶ መሳም፣ ከዚያ በይሉኝታ ሁለት ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይመጣል። ቤት ውስጥ አንድ ደፋር ሰው ይምረጡ፤ «ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ነው የፈቀደለት» የሚለው እሱ ይሁን። ተኝተው ቢቀበሉም ነውር የለበትም።

ከጠያቂዎቹ አንዱ «ወጌሻ ይሽው» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ነገር አልለሳለስም። አዲስ የተቀደደ ወገብ አይታሽም፣ አይረገጥም፣ አይሳብም። የሚነካው ቢኖር ሐኪምዎ የላከዎ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ስግደቱም እስኪፈቀድ ይቆይ፤ ሙስሊሙ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይችላል፣ ክርስቲያኑም መቋሚያውን ተደግፎ ይቁም፣ ሲደክመው ይቀመጥ።

8. ሳይውሉ ሳያድሩ የሚሄዱበት ምልክት

ሽንት ማቆር ወይም አምልጦ መፍሰስ፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ እግር እየዛለ መሄድ፦ እነዚህ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያስኬዳሉ፤ ነርቩ በሰዓታት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ሕመምም እንዲሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም የማያቋርጥ ፈሳሽ፣ ሲቆሙ የሚብስ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መቅላት ካለም በዚያው ቀን ይታዩ። እግር ላይ የቀረ መደንዘዝ ብቻ ካለ ግን አይደንግጡ፤ ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ መደንዘዙ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ወደ ሥራ፣ ወደ መኪና መሪ፣ ወደ ትዳር አልጋም መመለስ በቀጠሮ ቀን የሚጠየቅ ነው፤ ሐኪሞቹ ይህን መስማት ለምደዋል፣ የሚያፍረው ታካሚው ነው። ከመሬት ዕቃ ማንሣት ሲፈቀድልዎ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው፣ ዕቃውን ወደ ደረትዎ አስጠግተው በጭንዎ ይነሡ። እኔም ከ3 ወር በኋላ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ቻርጀሬን ግን እስከ ዛሬ ከጠረጴዛው እግር ላይ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ።